ራሱን የሚመታው ቸርኬ

የትምህርት ቤታችን ደወል የጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ከዘበኛው ማረፊያ አጠገብ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሏል፤ በብረት ሲመታ ከተማችንን መካነ ሰላምን አልፎ እስከ ገደሉ አፋፍ ይሰማል። ቸርኬው ምንም አላደረገኝም። እኔን ያንገበገበኝ መቺው ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መመታት ያለበት ደወል አንድ ቀን ሁለት ከሦስት ላይ ይመታል፣ ሌላ ቀን ሁለት ከዘጠኝ። ደወሉ ሲመታ በሩ ይዘጋል፣ ያረፈደ ተማሪ እስከ እረፍት ድረስ ውጭ ይቀራል፤ የትምህርት ቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ሽማግሌው ዘበኛ ግን ብረቱን ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና ፊት ለፊት ወዳለው ጉብታ አሻግረው ያያሉ። ሰዓት እጃቸው ላይ አስረዋል፤ አያዩትም። "አባባ፣ አልፏል እኮ" ስላቸው "አብሽር፣ ልጄ" ይሉኛል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ምን አብሽር አለ?

በሰዓት ጉዳይ ሰውን የመናገር መብት ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ዘጠነኛንና አስረኛን ከገጠር እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት። አባቴ በቅስና ከሚያገለግሉበት ደብር እስከ ትምህርት ቤቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጉብታውን አልፎ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በር ተዘግቶብኝ አያውቅም። ይህን ያልነገርኩት የክፍል ጓደኛ አልነበረኝም። አስራ አንደኛ ስገባ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ክፍል ተከራየሁና መንገዱን ለታናሽ እህቴ ለቀቅኩላት፤ ዘጠነኛ የገባችው በዚያው ዓመት ነው። የጠበበችኝን ቀይ ጃኬቴንም አብሬ አወረስኳት።

መስከረም ላይ አንድ ደብተር ለዚሁ ጉዳይ መደብኩና ለሦስት ሳምንት የደወሉን መዘግየት መዘገብኩ። ቀኑን፣ ደቂቃውን፣ የአየሩን ሁኔታ ሳይቀር። ሰንጠረዡን "የችግሩ ማስረጃ" ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠኋቸው፤ መፍትሔውንም አብሬ ተናገርኩ። ራሱን የሚመታ ደወል እሠራለሁ አልኩ። ደስ አላቸው። ማሽኑ አንድ ወር ሙሉ የሰው እጅ ሳይነካው ከሠራ፣ ደሴ ለሚደረገው የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር እንደሚልኩኝ ቃል ገቡልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ሁሉ ደሴ ሆነ።

ማሽኑን የሠራሁበትን ጊዜ ሳስታውስ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ፕሮግራም የሚጫንባትን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሚኒባስ ሾፌር እጅ አስመጣሁ፤ በመጣችበት ቀን ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን አገላብጬ አቃጠልኳት። ሁለተኛዋ ስትደርስ ገና አልፎ ጥምቀት መጥቷል። ብረቱን የሚያነሳ ሞተር ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ ስንከራተት ቆይቼ፣ መካኒኮቹ ተርጂክሪስታሎ ከሚሉት ከመኪና ዝናብ መጥረጊያ ላይ የተፈታ አንድ አሮጌ ሞተር አገኘሁ። ኮምፒውተር ያለው በትምህርት ቤቱ የአይሲቲ ክፍል ብቻ ነው። አንዲት ምልክት በመርሳቴ ፕሮግራሙ አልሠራም ይላል፤ ስፈልግ ውዬ ሳገኛት መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ደግሞ የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል።

አከራዬ ሽቦ የምበይድበት ስታኞ ጭስ በሸተታቸው ቁጥር "ቤቴን ልታነደው ነው?" እያሉ በሬን ያንኳኳሉ። በማግስቱ እኚሁ ሴትዮ የጎረቤቱን የተበላሸ ሬዲዮና ላምባዲና በዘንቢል ይዘውልኝ ይመጣሉ። "አንተ ኤሌክትሪክ ታውቅ የለም?" ይላሉ። የምሠራው ደወል ነው ብላቸው "ደወል ምን ይሠራል? ቸርኬው አለ አይደል?" ብለውኝ ሄዱ።

የካቲት ላይ ሳጥኑን ከቸርኬው አጠገብ ቸነከርኩት። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ብረቱን አነሳና መታ። ስምንት ጊዜ። ተማሪው አጨበጨበ። ዘበኛውም ፈገግ አሉና የራሳቸውን ብረት አንስተው ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና መቱት።

"ምነው፣ አባባ?"

"ያንተኛው ገና ልጅ ነው፤ ላግዘው ብዬ ነው።"

በማግስቱ ካፖርታቸውን ሳጥኑ ላይ ሰቀሉበት። በሦስተኛው ቀን አቧራ በዛበት ብለው በእርጥብ ጨርቅ ወለወሉት። እዬዬ እያልኩ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ፤ እሳቸውም ብረቱን ከሽማግሌው ተቀብለው ቆለፉበት። ከእንግዲህ ሥራዎ ደወሉን ሰምተው በሩን መዝጋት ብቻ ነው ተባሉ። እሰይ አልኩ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ እሰይ ነው ያልኩት።

ከሦስት ሳምንት በላይ ማሽኔ አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም፤ የገጠሩ ልጆችም እየሮጡ ለጥቂት ይደርሱበት ነበር። ከዚያ የበልግ ጉም ወረደ። የዘጠነኛ ክፍሎች የሒሳብ ፈተና በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነበር፤ እኔ ደወሌን እያደመጥኩ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጫለሁ። በእረፍት ስወጣ እህቴ ከሌሎች የገጠር ልጆች ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ቀይዋ ጃኬት እስከ ክርኗ ጭቃ ነክታለች።

ተቆጣኋት። "ምን ሆነሽ ነው የምትጎተቺው? እኔ በዚያው መንገድ ሁለት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን አርፍጄ አውቃለሁ?"

አላለቀሰችም። የጫማዋን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች "በጉም ጊዜ ወንዙ ጋ መሻገሪያው አይታይም፣ ወንድምጋሼ" አለችኝ። "ድሮ እኮ ዘበኛው አባባ እስክንደርስ አይደውሉም ነበር። ያንተ ማሽን ግን አያይም።"

በፈተናው ዜሮ ተሰጣት። የሒሳብ መምህሩን ልለምን ብሄድ "ደወሉን የሠራኸው አንተ አይደለህ እንዴ?" ብለው መለሱኝ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ዘጠኝ ደቂቃ፣ ጉም። ስምንት ደቂቃ፣ ዝናብና ጭቃ። ሦስት ደቂቃ፣ ፀሐይ። ሁሉም በራሴ እጅ ጽሑፍ። የአየሩን ሁኔታ የጻፍኩት የፊዚክስ መምህራችን "ያያችሁትን ሁሉ መዝግቡ" ስላሉን ነው እንጂ አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም ነበር። በማን እንደምናደድ እንኳ ጠፋኝ፤ በሽማግሌው እንዳልናደድ ብረታቸውን ያስነጠቅኳቸው እኔ ነኝ፤ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ግን በዚያም ተናደድኩ።

ወሩ ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ስድስት ቀን አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ደሴ ነኝ። ግን ስድስቱም ቀን ጉሙ የሚለቅ አይመስልም። በማግስቱ ፕሮግራሙን ቀየርኩና ከሳጥኑ ጎን አንድ በጣት የሚጫን የቤት ደወል መጫኛ ገጠምኩ። ማሽኑ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይዘጋጃል፤ ሽማግሌው ካልተጫኑት ግን አይመታም።

ርዕሰ መምህሩ መጥተው አዩት። "ታዲያ አውቶማቲክነቱ ምኑ ላይ ነው?" አሉኝ። ስለ መንገዱና ስለ ጉሙ ነገርኳቸው። መጫኛው ይቆይ፣ ደሴ ግን ሌላ ተማሪ ይሄዳል አሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንደ እኔ ላለው ነው። የእህቴ ፈተና አልተመለሰ፣ የእኔ ደሴ ቀረ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁበት ማሽን የሽማግሌ እጅ የሚጠብቅ የብረት ማንሻ ሆኖ ቀረ።

በሚቀጥለው ቀን መጫኛው እንዴት እንደሚሠራ ለሽማግሌው ላሳያቸው ከጎናቸው ቆምኩ። ጉሙ እንደ ወረደ ነው። ጣታቸውን መጫኛው ላይ አድርገው ወደ ጉብታው ያያሉ። የሳጥኑ ሰዓት ሁለት ከአራት አለ። ሁለት ከስድስት አለ። እየተቁነጠነጥኩ ነበር።

"አባባ፣ ስድስት ደቂቃ አለፈ!"

"አብሽር።"

"ለእነሱስ እሺ፣ ይሁን" አልኳቸው። "እኔ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ስመላለስ ማንም ጠብቆኝ አያውቅም። በሰዓቴ ነበር የምደርሰው።"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጉሙ ሳይነቅሉ ሳቁ።

"ያቺ ቀይ ጃኬትህስ?"

"ምን ሆነች?"

"ምልክቴ ነበረቻ። እሷ ከጉብታው ስትወርድ መንገዱ ላይ ሰው አለቀ ብዬ እመታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ የመጨረሻው አንተ ነበርክ እኮ፣ ልጄ።"

ከጉሙ ውስጥ ልጆች አንድ በአንድ እየወጡ በሩን አለፉ። ከሁሉም ኋላ ቀይ ነገር ብቅ አለ፤ እየሮጠች ነው። ሽማግሌው በሩን እስክታልፍ ጠበቁና መጫኛውን ተጫኑት።