መብራት እንዳይመጣ የጸለይኩ ቀን

እኔ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል የሚሉት ለእኔ ነው። ያገለገለ የኤስፕሬሶ ማሽን ከነመፍጫው ልግዛ ስል ባለቤቴ ሳቀብኝ። ይፈነዳል ብለሽ ወጥ ቤት መግባት ትተዪያለሽ አለኝ። ፈሪ ብሆንም እልኸኛ ነኝና ገዛሁት።

የሸጡልኝ እዚሁ ሆሳዕና ሱቅ የነበራቸው፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ባልና ሚስት ናቸው። ሴትየዋ ቡናውን ፈጭታ፣ ጠቅጥቃ፣ አንድ ስኒ አውጥታ አሳየችኝ። የወተት ማፍያው ሲያፏጭ ወደ በሩ ሸሸሁ። ዕቃውን በካርቶን ስታስርልኝ፣ ስትነኪው ግን ሁልጊዜ ጫማ አድርጊ አለችኝ። የፈላ ውሃ እግሬ ላይ እንዳይፈስ ነው ብዬ አመስግኜ ወጣሁ።

በእኛ ቤተሰብ ትልቅ ዕቃ ሲገዛ ሳይጸለይበት ሥራ አይጀምርም። ፍሪጁም ሶፋውም ተጸልዮባቸዋል። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ለዚሁ ብለው ከሆመቾ መጡ። ክረምት ስለሆነ ሰፈራችን ጭቃ ነው። እኔ ደግሞ የሲሚንቶውን ወለል ገና ወልውዬው ስለነበር አባቴን ሳይቀር ሁሉንም በር ላይ ጫማ አስወለቅኩ፤ በንጽሕና ጉዳይ አልደራደርም። ባለቤቴ ማሽኑን ዲቫይደሩ ላይ ሰክቶ ከማብራቱ መብራት ሄደ። ያጠፋነው እኛ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ወጥቼ ስጠይቅ የጎረቤትም ጠፍቷል። አባቴም፣ መብራቱ እስኪመጣ እንጸልይ አሉ።

ቆምን። አባቴ ቀኝ እጃቸውን የማሽኑ ብረት ላይ ጫኑ፣ በግራቸው የእኔን እጅ ያዙ። እኔ የትንሿን ልጄን፣ እሷ የአባቷን። ዐይናችንን ጨፈንን። አባቴ በሀዲይሳ ቋንቋ ጀመሩ፤ አጭር ጸሎት አያውቁም።

ለሸጡልን ሰዎች መንገድ ሲጸልዩ እግሬን በረደኝ። ሲሚንቶው አልደረቀም። ባዶ እግሬን መሆኔን ሳስብ የሴትየዋ ቃል ትዝ አለኝ። አንጋጫ የምትኖር አክስት ነበረችኝ፤ የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ስለሚነዝር የላስቲክ ጫማ ሳታደርግ አትነካውም ነበር። ለካ ሴትየዋ ስለ ፈላ ውሃ አልነበረም የነገረችኝ።

ዐይኔን ገለጥኩ። ሶኬቱ እንደተሰካ ነው፣ ማብሪያውም አልጠፋም። መብራት ከመጣ አባቴን ይይዛቸዋል፤ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ። አራታችንም እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ቆመናል፣ ያውም እጅ ለእጅ ተያይዘን። ልጄ ዐይኗን ጥብቅ አድርጋ ጨፍናለች።

"አባባ" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። በእኛ ዘንድ በጸሎት መሃል መጮህም ማልቀስም ያለ ነው። አባቴ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው እጄን የባሰ ጨበጡና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ባለቤቴ አሜን አለ። አባባ እጅዎን ብዬ ደገምኩ፤ ጭራሽ ጠበቀብኝ። ዕድሜያቸውን ዕርፍ ሲጨብጡ የኖሩ ገበሬ ናቸው፣ የያዙትን በቀላሉ አይለቁም።

ከዚያ ስለ መብራቱ መጸለይ ጀመሩ። ጌታ ሆይ፣ ብርሃን ያንተ ነው፣ አሁኑኑ ላክልን አሉ። እኔ በልቤ፣ ጌታ ሆይ እባክህ አትስማቸው አልኩ። የአባቴን ጸሎት ተቃውሜ የጸለይኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። ላብ በጀርባዬ ወረደ። እሳቸው ሲጸልዩ ወጥ ቢያር እንኳን ከቦታው የሚነቃነቅ ሰው በቤታችን አልነበረም፤ ለሞት መድረሳችንን እያወቅኩ ከቦታዬ መነቃነቁንም ፈራሁ።

ከላይኛው ሰፈር ልጆች "መጣ፣ መጣ" ብለው ሲጮሁ ሰማሁ። የእኛ መስመር ከእነሱ ቀጥሎ ነው የሚመጣው። እጄን መንጭቄ አስለቀቅኩ፣ ልጄን ወደ ሶፋው ገፈተርኳት፣ ገመዱን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ሶኬቱ ተነቅሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ከራሳችን በላይ አምፖሉ በራ።

ልጄ ታለቅሳለች። አባቴ ዐይናቸውን ገልጠው፣ ጌታ ፊት ቆመን እጄን ትመነጭቂያለሽ ወይ ብለው ተቆጡ። ልመልስላቸው ብል ጥርሴ ተንገጫገጨ። ወደ ማሽኑ፣ ቀጥሎም ወደ ባዶ እግራቸው ጠቆምኩ። ይነዝራል የምትል አንዲት ቃል ብቻ ወጣችኝ።

ባለቤቴ አላመነኝም፤ የፍርሃቴ ነገር መሰለው። ቢሆንም ሁላችንንም አርቆ፣ ቦት ጫማውን አድርጎ ሶኬቱን መልሶ ሰካና ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተር የአባቴ እጅ የነበረበት ቦታ ላይ አስነካ። ቴስተሩ ቀይ ሆኖ በራ። ቶሎ ነቀለው፤ ከዚያ ወዲያ አልሳቀም።

አባቴ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩት። ልጄን ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። እኔ ሶፋው ላይ እግሬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ።

"ልጄ" አሉኝ በመጨረሻ፣ "ከእንግዲህ እኔ ስጸልይ አንቺ ዐይንሽን አትጨፍኚ።"