መስቀል ያለባት ብረት

ያቺ ብረት የማን ነበረች? ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬያለሁ። ደርግ ሲወድቅ የአክስቴ የእትዬ ዘርፌ ልጅ ታደሰ፣ የአየር ኃይል መካኒኩ፣ ሳይመለስ ቀረ። ከጦሩ የተበተነ አንድ ሰው መዳፍ የምታህል ብረት አክስቴ ወዳሉበት ወደ አገራችን ወደ ራቤል አምጥቶ፣ «ታደሰ ከሞተበት አውሮፕላን የተረፈች ናት» አላቸው። ማንም የማያነበው ጽሑፍና አንዲት ትንሽ መስቀል ተቀርጾባታል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ አክስቴ ያቺን ብረት አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር አላወለቁም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ድሮ የጦር አውሮፕላኖች የሚያወራ መጽሐፍ ሳገላብጥ የዚያችው ብረት ብጤ በፎቶግራፍ አየሁ። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፤ ታደሰ ሳይወለድ ካለቀ ጦርነት የቀረች። እንዴት ራቤል እንደደረሰች እግዜር ይወቅ።

ለክረምት ራቤል ስመለስ ለአክስቴ እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው።

«መስቀሉስ?» አሉኝ።

«መልሕቅ ነው እትዬ፤ የመርከብ ማቆሚያ። የጃፓን ባሕር ኃይል ምልክት ነው።»

ጥቁር ሻሻቸውን ፈቱ። «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ዝም አልሽ? ልጄ አልሞተማ!»

«እንደሱ አላልሁም…»

አልሰሙኝም። በርጩማቸውን ይዘው አውቶቡስ ወደሚቆምበት ወጡ።

ታደሰ ይመጣል ብዬ አላምንም። ግን ለቅሷቸውን የነጠቅኋቸው እኔ ነኝ። ሌላ በርጩማ አንሥቼ ተከተልኋቸው።