ዱካሞና የወንበዴው ፖስትካርድ

«ዱካሞ ከማፊያ ጋር ይሠራል» የሚለውን ወሬ ያልሰማ ሀበሻ ዱርንፎንቴን ገበያ ውስጥ ካለ ጆሮው ይታይለት። ሽጉጥ ታጥቋል ተብሏል፤ በየሱቁ ዛቻ የሚያደርሰው እሱ ነው ተብሏል። ሐሰት ነው። ሽጉጥ የለውም። ያደረሰውም ዛቻ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በፖስትካርድ።

ዱካሞ ከከተማው ዳር ቮስሎሩስ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው። ሸቀጥ ፍለጋ ዱርንፎንቴን በሄደ ቁጥር ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የድሮ የቀልድ ፖስትካርድ ይገዛል። አንድ ሰሞን ያገኘው ላይ ጭንብል ያጠለቀ ቦርጫም የወንበዴዎች አለቃ ተስሏል፤ ሽጉጡን እንደያዘ ሚስቱ ጆሮውን ጠምዝዛ ትጎትተዋለች፣ ጀሌዎቹ ከኋላ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ዱካሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ «ቅዳሜ እንመጣለን» ብሎ ጻፈና እዚያው ቮስሎሩስ ባለው በጓደኛው በማናሴ ሱቅ በር ሥር አሾለከው።

ማናሴ አልሳቀም። ባለፈው ወር እዚያው ሰፈር «የጥበቃ ክፈሉ» የሚሉ ሰዎች እምቢ ያላቸውን ባለሱቅ በጥይት አቁስለዋል። የማናሴ ሚስት ኤርጎጌ ካርዱን አየችና ቀዘቀዘች።

«ሴትየዋ እኔ ነኝ። ለይተውኛል ማለት ነው!»

ሱቁ ተዘጋ፤ ልጆቹ ሰው ቤት ተላኩ፤ ሁሉም የሚጸልዩበት ጸሎት ቤትም የሦስት ቀን ጾም አወጀ። ምእመናኑ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከበቡት። ዱካሞ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ሊያወጣ ብድግ ሲል የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ቀደሙት፤ «ተባረክ ወንድም ዱካሞ፣ አንተው ምራን!»

መራ። ምን ያድርግ! የገዛ ጽሑፉን «በኢየሱስ ስም!» እያለ ሲገሥጽ ቤቱ በአሜን ተናወጠ። ላብ አጠመቀው። «እንዴት ያለ ሸክም ነው የተቀበለው» ተባለለት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በሦስተኛው ቀን ማናሴ የሱቁን ቁልፍ አወጣ። «ነገ ለቤቱ ባለቤት እመልሳለሁ። ሌላ ሰፈር፣ ኦሬንጅ ፋርም እንሄዳለን፤ ከዜሮ እንጀምራለን።»

«አትመልስ» አለ ዱካሞ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለቀልድ ነው።»

ኤርጎጌ ካርዱን አንስታ ፊቱ ላይ ደቀነችው።

«የቱ ጋ ነው የሚሳቀው? እስቲ አሳየኝ።»

ዱካሞ ጣቱን ወደ ወፍራሙ ሰውዬ ጆሮ ዘረጋ፤ ሳይነካውም መለሰው። ማናሴ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ የሚስቱን እጅ ያዘና ወደ በሩ አመራ። ሌሎቹም ወንበራቸውን እየደራረቡ ተከተሉ።

«ሦስቱንም ቀን አብሬያችሁ ጾሜያለሁ እኮ» አለ ዱካሞ።