ማሽኑ ውስጥ ያለው ድምፅ

እኛ ክፍል የምስል ባለሙያዋን በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ይተንፍሱ» ነው የምንላት። የሲቲ ስካን ማሽኑ የገባ ሰሞን «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይተንፍሱ» ብሎ የሚቀዳ ጥሩ ድምፅ ተፈለገ። የክፍሉ ኃላፊ መጀመሪያ እኔን ሞከረኝና «አንቺ ስትናገሪ በሽተኛው የተቆጣሽው ይመስለዋል» ብሎ እሷን አስቀዳ። አልተቀየምኩም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በሽተኛ በገባ ቁጥር ማሽኑ በእሷ ድምፅ ያዛል፣ እሷ ደግሞ መስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብላ ቁልፍ ትነካለች።

እኔ ነርስ ነኝ። መርፌ እሰካለሁ፣ ምስሉን የሚያደምቀውን መድኃኒት አዘጋጃለሁ፣ ከዚያ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ያቺ ክፍል መስኮት የላትም። በሩ ጨረር እንዳያሳልፍ እርሳስ የተለበጠ ስለሆነ ለመክፈት ትከሻ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለማሽኑ እንጂ ለሰው አልታሰበም፤ ሁለታችንም ሹራብ ደርበን ነው የምንውለው። ግድግዳው ላይ «ውጤት የሚናገረው ሐኪም ብቻ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በሽተኛ ግን ከአልጋው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ፊት ነውና፣ ፊቷ ምንም እንዳይናገር አድርጋ ለምዳዋለች። እኔማ አልቻልኩበትም፤ ፊቴ ወሬኛ ነው።

ታላቅ ወንድሟ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። እናትና አባታቸው ልጆች ሳሉ ስለሞቱባቸው ያሳደጋት እሱ ነው፤ እስከ ዛሬም «ሚጣዬ» ነው የሚላት። ሰው አሳንሰር ውስጥ ሲቆለፍበት እሱ ይጠራል። መጀመሪያ በሩን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ ሰምቻለሁ፣ አለሁ ማለቱ ነው። ከዚያ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ቁርጡን ይናገራል። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ተራ ሲጠብቅ «የተዘጋበት ሰው፣ ሲስተር፣ ሁለት ሰዓት ነው ብትይው ጫማውን አውልቆ ቁጭ ይላል» አለኝ። «አሁን፣ አሁን እያልሽ ካቆየሽው ግን በሩን በጥፍሩ ሲቧጥጥ ታገኚዋለሽ።»

ቆሽቱ ላይ ካንሰር ሲገኝ ሚስቱ «የጨጓራ ነው» አለችው። ለካንሰሩ የታዘዘለትን ኬሞም «ጠንከር ያለ የጨጓራ መድኃኒት» አደረገችው። ክፋት የላትም፤ ስለምትወደው ነው። «ተስፋ የሌለው ሰው እንዴት ብሎ ያድራል?» እያለች አለቀሰችና ይተንፍሱን አስማለቻት። «ከነገርሽው ገደልሽው፤ ደሙ በእጅሽ ነው» አለቻት። ይተንፍሱም ማለች። እኔ ብሆን አልምልም ነበር፣ ግን የሰው ሚስት ስታለቅስ ማን ይጨክናል?

ኬሞው አለቀና እንደገና ምስል ይነሳ ተባለ፣ ቀዶ ጥገና ለመወሰን። ቀዶ ጥገናው ከባድ ነው። ለሚጠቅመው ሰው ዓመታት ይጨምርለታል፤ ለማይጠቅመው ግን የቀረችውን ጥቂት ወር አልጋ ላይ ይበላበታል። ይህን ለመለየት ሆስፒታላችን አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም አምጥቷል። መጨረሻቸው የታወቀ የብዙ በሽተኞችን ምስል አይቶ የተማረ ነው። ከኬሞው በፊትና በኋላ የተነሱትን ምስሎች አስተያይቶ፣ እኛ ግራጫ ብቻ በምናይበት ቦታ የሆነ ነገር ያነባል። ይጠቀማል ሲል አረንጓዴ፣ ዕድሉ ትንሽ ነው ሲል ብርቱካናማ ያበራል። ሐኪሙ ያንን ይዞ ቤተሰብ ያነጋግራል። ቤተሰብ ማለት እዚህ ላይ ሚስቱ ናት።

መርፌውን ስሰካለት ወንድሟ ቀና ብሎ አየኝ። «ሲስተር፣ ሚስቴ ቆሽቴን አሳረረችው ስል ቀልድ ይመስላችሁ ነበር አይደል?»

ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ስለ ቆሽት ምን ያውቃል? ይተንፍሱ ትራሱን ማስተካከል ጀመረች፣ የተስተካከለውን ትራስ።

«ተይው ሚጣዬ። ኬሞ ክፍል ውስጥ ጨጓራዬን ብሎ የተቀመጠ ሰው እስካሁን አላየሁም» አላት። «እንዳትናገሪ ምለሻል። ሚስቴን አጣኋት እንዴ? እኔም ተናገሪ አልልሽም። በመጨረሻው ዙር ላይ፣ ስክሪኑ ላይ የምታዪው ደህና ከሆነ ይተንፍሱ የሚለውን ማሽኑ ይበለኝ። ደህና ካልሆነ አንቺ በገዛ አፍሽ በይኝ። ሌላ አንድ ቃል አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ በናትህ ተው! ምን ያደርግልሃል?»

«ነገ ፈርም ሊሉኝ ነው። የሚጠቅመኝ ከሆነ ይክፈቱኝ፣ እንደ ጆንያ ይስፉኝ፣ ግድ የለም። የማይጠቅመኝ ከሆነ ግን የቀረችኝን በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከሚስቴ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ልጨርሳት። የእኔው ናት።»

እጆቹን ከራሱ በላይ ዘረጋ፣ አልጋው አስገባው፣ እኛም ወጥተን ያንን ከባድ በር ዘጋን።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በማሽኑ ድምፅ አለፉ። ከመጨረሻው በፊት መድኃኒቱ እስኪሰራጭ ጥቂት መጠበቅ አለ። እየጠበቅን ሳለ ፕሮግራሙ እስካሁን የተነሱትን ምስሎች አንብቦ ጨረሰና የስክሪኑ ጥግ በራ። እኔ ምስል ማንበብ አልችልም፣ ብርቱካናማ ግን አውቃለሁ።

«ይስታል እኮ!» አልኳት ቶሎ ብዬ። «ከአስር ሁለቱን ይስታል ብለው የለ?»

«ስምንቱንስ?»

«እንግዲያው ዝም በይ። ነገ ሐኪሙ ይንገረው።»

«ሐኪሙ ለሚስቱ ነው የሚነግራት። እሷ ደግሞ ፈርም ነው የምትለው።»

እውነቷን ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነባት። ብትናገር መሐላውም ሥራውም አለ። ዝም ልበል ብትል ደግሞ ዝምታ የሚባል ነገር የለም፤ ማሽኑ በገዛ ድምፅዋ ይዋሽላታል። ብድግ ብላ እንዳትወጣ፣ ያለ እሷ ማሽኑን የሚነካ ሰው የለም። ሹራቧን እስከ አገጯ ጎትታ ተቀመጠች። አሳዘነችኝ።

የመጨረሻው ዙር ደረሰ። ማሽኑ «አየር ይሳቡ» አለ፤ ደረቱ ከፍ አለ። «ይያዙ» አለ፤ ያዘ። አልጋው መንሸራተት ጀመረ። ይተንፍሱ ጣቷን የተቀዳውን ድምፅ የሚዘጋው ቁልፍ ላይ አሳረፈች፣ አነሳች፣ መልሳ አሳረፈች። ከዚያ ዘጋችው።

ምስሉ አለቀ፣ አልጋው ቆመ። ማሽኑ «ይተንፍሱ» አላለም። ማይክሮፎኑን ተጭናለች፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። መስታወቱ ማዶ ደረቱ ከፍ እንዳለ ነው። ሰውየው ይጠብቃል።

«ኧረ ታፈነብሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ» አለች። ያ ለቅጂ የተመረጠው ጥሩ ድምፅ አልነበረም፤ የተሰነጠቀ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ ተንፍስ።»

ደረቱ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ በድምፅ ማጉያው በኩል ሰማነው። ከራሱ በላይ በዘረጋው እጁ የማሽኑን ቀለበት ሁለቴ ኳ ኳ አደረገው።

ኮሪደሩ ላይ ሚስቱ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ትጠብቅ ነበር። ገና ስታየን ብድግ አለች። «እሺ? ምን አሉህ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ነይ፣ ቤት እንሂድ። ነገ የማልፈርመው ነገር አለ፤ መንገድ ላይ እየተጨቃጨቅን እነግርሻለሁ።»

ፊቷ አመድ ሆነ። ወደ ይተንፍሱ ዞረች። «ነገርሽው! ምለሽልኝ ነገርሽው!»

«እትዬ፣ ተንፍስ ነው ያልኩት» አለች ይተንፍሱ። ሌላ ልትጨምር ፈልጋ አፏን ከፈተችና ተወችው። ወንድሟ ሚስቱን ክንዷን ይዞ፣ በደረጃው ይዟት ወረደ።

ቀጣዩ በሽተኛ ተራው ደርሶ ነበር። መርፌውን ሰክቼለት ስመለስ የተቀዳውን ድምፅ መልሳ ከፍታዋለች፣ ፊቷንም እንደ ወትሮው አድርጋዋለች። ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አላነሳችም። ማሽኑ በእሷ ድምፅ «አየር ይሳቡ» አለ፤ ቀጥሎም «ይያዙ» አለ።