የታጠነችው ኮዳ

አዋሳ በመምህርነት የተመደብኩበት ዘመን፣ ከማስተማሩ ይልቅ ስብሰባው የሚያደክምበት ዘመን ነበር። በደረቀ ጉሮሮ ከክፍል ወደ አዳራሽ ስመላለስ የምጽናናባት አንዲት የውሃ ኮዳ ነበረችኝ፤ በሐይቁ ወበቅ ውስጧ ሻግቶ እርሷም አስጠላችኝ።

አከራዬ እትዬ አስካለ አዘኑልኝ። «አንተ ልጅ፣ እርጥቧን ከድነህ እያሳደርክ እንዴት አትሻግት?» ብለው በፈላ ውሃና በጠጠር አንቀጫቀጯት፤ በግራዋ ቅጠል አጠቧት፤ ደፍተው ካደረቋትም በኋላ እንደ ጠላ ጋን በወይራ ጭስ አጠኗት።

በማግስቱ በውይይት ክበቡ ስብሰባ መካከል ኮዳዋን ስከፍታት የጠላ ቤት መዓዛ አዳራሹን ሞላው። መድረክ ላይ የነበረው ካድሬ ንግግሩን አቋረጠ።

«ጓድ መምህር፣ በአብዮቱ ውይይት ላይ ጠላ ትጠጣለህ?»

«ውሃ ነው፣ ጓድ። ኮዳዋ ታጥና ነው።»

ከኋላዬ አንዱ «ለእኛም ከዚህ ውሃ ይቀዳልን» ሲል ሳቅ ተሰማ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ድካም ላይ እስር ቤት ይታየኝ ጀመር። ካድሬው ኮዳዋን ተቀብሎ አሸተተ፤ ተጎነጨ። ከዚያም «ተከተለኝ» ብሎኝ ወጣ።

ተከተልኩት። ከአዳራሹ ጀርባ ስንደርስ ግራ ቀኙን ቃኘና ከቦርሳው የራሱን ኮዳ አውጥቶ ክዳኗን ከፈተልኝ። የሻጋታው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠው።

«ለአከራይህ ስጥልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወይራውን ግን በዛ ያድርጉት።»