የእትዬ ሐዋ አንገትና የሸዋ ሮቢት ማሾ ለቃሚዎች

ማክሰኞ፦ ቁልቁለቱ

ከላምበረት መናኸሪያ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት የምሄደው ለአንገት ሕመም ነበር፤ ለራሴ ሳይሆን አይቻቸው ለማላውቅ ለእትዬ ሐዋ አንገት። ልጃቸው ሰሚራ አዲስ አበባ በማስተምርበት የዮጋ ክፍል ጀርባዋን ለማሳረፍ ትመጣለች። እናቷ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሸዋ ሮቢት አንድ መጋዘን ውስጥ ማሾ ይለቅማሉ፤ አንገታቸው መዞር እንቢ ካለ ዓመታት ሆኖታል። ሰሚራ ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታ ብትጠብቃቸውም አልመጣም ብለዋል። በመጨረሻ እናትና ልጅ የተስማሙት በዚህ ነው፦ እኔ ሄጄ አንድ ሳምንት አብሬያቸው እሠራለሁ፤ አንገታቸው ካልተሻለው ሥራውን ትተው አዲስ አበባ ይገባሉ።

ሰሚራ ስትሸኘኝ ግን ሌላ ነገር ጨመረች። "ቢሻላትም ሥራውን ተዪው በያት። ከአንቺ ከሰማች ትቀበላለች" አለችኝ። እሺም እንቢም አላልኩም።

ሹፌሩ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ሁለት ቦታ ደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠየቀ። በዚህ መስመር የሚሠራ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ ተሳፋሪውም መልሱን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበታችንን ያዘው። ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር መኪናው እየዳኸ ወረደ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጭ ሴቶች በመስኮት ቆሎ አቀረቡልን፤ እኔም በሃያ ብር አንድ ከረጢት ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሰው ሁሉ ልብሱን አንድ በአንድ ማውለቅ ያዘ። የገብሱ ማሳ ቀረና ማሽላ መጣ፤ ከማሽላው ቀጥሎ የማንጎ ዛፎችና ሽንኩርት የተከመረባቸው የመንገድ ዳሮች ታዩ።

አጠገቤ የተቀመጡት የይፋት የሽንኩርት ነጋዴ የጠቀለልኩትን ምንጣፍ ቢያዩት ቢያዩት አልገባቸውም። መስገጃ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለአካል እንቅስቃሴ ነው፣ የታመመ አንገት ለማላላት እሄዳለሁ አልኳቸው።

"ከአዲስ አበባ ድረስ ለአንድ አንገት?" አሉ። "እኛ አገር ሞልቶልሻል። እኔ ራሴ አንድ አለኝ።"

የእትዬ ሐዋ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ ከመናኸሪያው በባጃጅ ደረስኩ። በሩን ከፍተው ሲያዩኝ የዞረው አንገታቸው ሳይሆን መላ ሰውነታቸው ነበር። ገና ውሃ ሳያቀርቡልኝ፣ "ልትወስጂኝ ነው የመጣሽው?" አሉኝ።

"አንገትዎን ለማየት ነው።"

"እሱ ከሄደ ሌላዬም ይከተላል" አሉና አስገቡኝ።

እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ነኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በማታ ትምህርት፣ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የሥልጠና መጽሐፌ ጠይቂ የሚለውን ሁሉ ሳልጠይቅ የሰው አካል አልነካም። እጅዎ ይደነዝዛል? ጣትዎ ዕቃ ይጥላል? ሌሊት ያተኩስዎታል? የለም አሉ። ደብረ ብርሃን የተነሡትን ራጅ አወጡልኝ፤ ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ነው፣ ያስቸገረው ጡንቻው ነው ብሎ እንቅስቃሴ አዝዞላቸው ነበር። ወንበር ላይ አስቀምጬ አንገታቸውን እንዲያዞሩ ጠየቅኋቸው። ወደ ግራ ሲዞሩ አገጫቸው ትከሻቸውን ሊነካ ይደርሳል፤ ወደ ቀኝ ግን ጥቂት ሄዶ ቀጥ ይላል። ሶላታቸውን ሲጨርሱ ወደ ቀኝ የሚያሰላምቱት ከወገባቸው ዞረው እንደሆነ ነገሩኝ። አስፋልት ሲሻገሩም በቀኝ የሚመጣውን ባጃጅ የሚያውቁት በድምፁ ነው።

ምንጣፉን ስዘረጋ ዓይናቸውን ከሱ አላነሡም።

"ይኼ የማን ሃይማኖት ነው?"

"የማንም አይደለም። ትከሻ ማላላት ነው።"

"ቢስሚላህ ብዬ ብጀምረው ይበላሻል?"

"አይበላሽም።"

ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ትንፋሽ ሲያስገቡ ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሣት፣ ሲያስወጡ መልቀቅ፤ ጀርባን ግድግዳ አስደግፎ አገጭን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሳብ፤ ከዚያ ሕመሙ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ ማዞር። ያልኩትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ሠሩ።

ሐሙስ፦ መጋዘኑ

ጠዋት ሠርተን አንገታቸው ይላላል፤ ማታ ከሥራ ሲመለሱ እንደነበረው ተቋጥሮ አገኘዋለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ተከትያቸው ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

ሴቶቹ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ግድግዳውን ተደግፈው በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። እግራቸውን ዘርግተው፣ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከአረንጓዴው ማሾ መካከል ጠጠሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለያሉ። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ከባድ ነው። ከእትዬ ሐዋ በስተግራ የሚቀመጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ሲለቅሙ ብዙ ክረምት አልፏል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ሥጋ የሚለያቸው ስለሌለ ምሳቸውንም የሚበሉት ከአንድ ሳህን ነው። እትዬ አስካለ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ስለዚህ እትዬ ሐዋ ሁልጊዜ በቀኛቸው ይሆናሉ፤ እጃቸው ማሾ ላይ፣ አንገታቸው አጎንብሶ ወደ ግራ እንደዞረ ቀኑን ሙሉ ለዚያ ጆሮ ያወራሉ።

የምፈልገውን አገኘሁ። ደስ ስላለኝ ሳላስብ ለእትዬ አስካለ እዚያው ነገርኳቸው፤ እትዬ ሐዋን ያመማቸው ወደ እርስዎ እየዞሩ ሲያወሩ ነው አልኳቸው። አልሰሙኝም። ምን አለች ብለው ሲጠይቁ ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ረድፉ በሙሉ ሰማ።

"እኛስ ስንል አልነበረም!" አለች አንዷ ከዳር። "የአስካለ ወሬ አንገት ይሰብራል።"

ሁሉም ሳቁ። እትዬ አስካለ አልሳቁም፤ ሰፌዳቸውን ማየት ቀጠሉ።

ዓርብ፦ ባዶው ቦታ

በማግስቱ እትዬ አስካለ ከረድፉ ሌላኛው ጫፍ ተቀምጠው አገኘናቸው። እትዬ ሐዋ ቀኑን ሙሉ ቀና ብለው፣ ከማንም ሳያወሩ ለቀሙ። ማታ አንገታቸውን ሳዞረው እስከዚያ ቀን ሄዶ የማያውቀውን ያህል ወደ ቀኝ ሄደ። መሻሉን ነገርኳቸው።

"እንግዲያው ለሰሚራ ደውይላት" አሉኝ። "ትመጣለች በያት።"

"ተሽሎዎት የለም እንዴ?"

"አንገቴንማ አዳንሽው። ጎረቤቴን ግን ወሰድሽብኝ። አስካለ ካላናገረችኝ እዚህ ምን እሠራለሁ? ማሾው አዲስ አበባም አለ።"

ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ሰሚራ የላከችኝም ለዚሁ ነበር፤ ሥራውን ተዉ ማለት እንኳ ሳያስፈልገኝ እሳቸው ራሳቸው ተውኩ አሉ። አልደወልኩም። እስከ ሰኞ እንዲታገሡኝ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

እሑድ፦ እትዬ አስካለ ቤት

ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደጃቸው ላይ ጠበቅኋቸው። በቀኛቸው በኩል ተቀምጬ በሰው ፊት መጮኼ ጥፋት እንደሆነ ነገርኳቸው። እሳቸውን ያስቀየማቸው ግን ጩኸቱ አልነበረም። ሐዋ ይህን ሁሉ ጊዜ በእኔ ስትታመም ለምን አልነገረችኝም አሉ። ማንም እንደማያውቅ፣ እኔም ያወቅሁት ሐሙስ ዕለት መሆኑን አስረዳኋቸው። ፊት ለፊት ቢቀመጡስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ግድግዳውን ማን ይይዛል?" አሉ ወዲያው።

"እርስዎ። ለእሳቸው ሙሉ ጆንያ ከኋላቸው እናቆማለን።"

"ምን ልንገርሽ፣ ጎን ለጎን ስንሆን አፏን አላየውም። ከምታወራው ግማሹን የምሰማው በግምት ነው።"

"በግምት?"

"ስትስቅ እስቃለሁ። ለሐዋ እንዳትነግሪያት።"

አልነገርኳቸውም። እዚህ ስማቸውን ለውጬ የጻፍኩትም በእትዬ አስካለ ፈቃድ ነው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሐዋ መጋዘኑ ሲደርሱ ከእትዬ አስካለ ትይዩ የማሾ ጆንያ ቆሞ፣ ሰሌን ተነጥፎ ጠበቃቸው። ማን እንዳዘጋጀው አልጠየቁም፤ ሄደው ተቀመጡ። ሰፌዱን ደረታቸው ድረስ ከፍ የሚያደርግ አጠር ያለ የእንጨት ሣጥንም ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። ብዙም ሳይቆይ የሠራተኞቹ ካቦ መጣና ተሸካሚ የሚያልፍበትን መንገድ ዘጋችሁ ብሎ ተቆጣ።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ አስካለ።

"እንኳን ታረቃችሁ ነው የሚለው" አሉ እትዬ ሐዋ።

"ውሸታም። አፉን አይቼዋለሁ።"

ረድፉ በሙሉ በሳቅ ወደቀ፤ ካቦውም ሳይወድ ሳቀና ጆንያውን አንድ ክንድ ያህል ገፋ አድርጎ ሄደ። ማታ ስለካው አንገታቸው ከዓርብ ዕለቱ ትንሽ አንሶ ዞረ። ይህን አልደብቅም። ከመጣሁበት ቀን ግን በብዙ ይሻላል፤ ማክሰኞ ጠዋትም ወደ ቀኝ ሲያሰላምቱ ወገባቸው ሳይነቃነቅ አየሁ።

ማክሰኞ፦ ዳገቱ

ስመለስ ሽኝቱ አንድ ከረጢት ማንጎ ነበር። መኪናው ወደ ደብረ ሲና እየተነፈሰ ሲወጣ በዚህ ሳምንት የተማርኩትን ለራሴ አስተካክዬ ለመናገር ሞከርኩ። የቆየ የአንገት ሕመም በሳምንት አይነቀልም። በየቀኑ ጥቂት እየሠሩ፣ የሚያጠነክረውን ነገር እየቀነሱ አብረውት ይኖራሉ። ይህን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት፣ አንዳንዱን ሕመም የሚያጠነክረውን ነገር ቀንሼ ስጨርስ ሰውየው መዳኑን ላይፈልገው እንደሚችል ነው።

ሰሚራ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችው ሥራውን ይተዉት ብያቸው እንደሆነ ነው። አላልኳቸውም አልኳትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ከእትዬ አስካለ ምስጢር በቀር። ፊቷ ተለዋወጠ። ክፍሉን ቀለም ያስቀባችው ለእሳቸው ብላ መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች። ከወዲያ የሴቶች ጫጫታና ማሾ ሲበጠር የሚያሰማው ድምፅ ተሰማ።

"እማዬ፣ አንገትሽ እንዴት ነው?"

"አልሐምዱሊላህ። ቆይ፣ በኋላ ደውይ፤ አስካለ እያወራች ነው" አሉና ዘጉት።

ሰሚራ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማንጎውን ተቀብላኝ ወደ ታክሲው መሄድ ጀመርን።

"ለእትዬ አስካለ የጆሮ መሣሪያ ብገዛላቸውስ?" አለችኝ።

"መጀመሪያ ጠይቂያቸው" አልኳት። "ለብቻቸው።"