በድሉን ላለማስቀየም

ጠልሐ ጥሩ ብስክሌት ጠጋኝ የት እንዳለ ጠፍቶት አይደለም። አሳምሮ ያውቃል። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የደረሰውን ሰምቶ «አይ፣ ምስኪን፣ ተታሎ ነው» የሚል ሰው እንዳይኖር ነው።

ጠልሐ ኡራኤል አካባቢ ካለ የመድኃኒት አከፋፋይ እየተቀበለ ለየፋርማሲው በብስክሌት ያደርሳል። እንጀራው እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ የስምንት ዓመት ልጁን ካሚላን ከኋላ አፈናጦ፣ ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል የሚወስደውን ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤት ያደርሳታል።

ከቤቱ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ውስጥ፣ በድሉ የሚባል ጎረቤቱ ብስክሌት ይጠግናል። ይጠግናል ማለት እንግዲህ ለወጉ ነው። ፈትቶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል፤ የተረፈችውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ያይና «ይቺ ዝም ብላ የገባች ናት» ብሎ ጣሳ ውስጥ ይወረውራታል። ካቴናው ጮኸብኝ ካልከው በዘይት ያጥለቀልቀዋል፤ ዘይቱ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰብስቦ በሳምንቱ ይብስበታል። ብትነግረውም መልሱ አንድ ነው።

«አቦ፣ ትሄዳለች! በቃ አትጨናነቅ።»

ከሁለት ዓመት በፊት ጠልሐ ሰንጋ ተራ ላይ ጎማ ፈነዳበትና እየገፋ ሄዶ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ከሚሠሩት ከጋሽ ገብረዋህድ ደጅ ደረሰ። ሽማግሌው ብስክሌቷን ገልብጠው አቆሟት፣ ጎማዋን በእጃቸው አሽከረከሩና ጆሯቸውን ጣል አደረጉ።

«ማነው ይቺን ሲነካካት የኖረው?» አሉ።

ጋሽ ገብረዋህድ የፈቱትን በጨርቅ ላይ በተራ ደርድረው አሳዩት፣ የሞተውን ቀየሩ። የፍሬኑን ጎማ ግን ቀይሩልኝ ብሎ ቢለምናቸውም እምቢ አሉ፤ ገና ስድስት ወር ይሠራል፣ ለምን ትጥለዋለህ አሉት። ሲጨርሱ ሰባ ዓመታቸውን ይዘው ተፈናጠጡና ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩበት።

«እኔ ያልነዳኋትን ለሰው አልሰጥም፣ ልጄ።»

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሰውየው ጠጋኙን ቀየረ፣ አለቀ። እኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለ። በድሉና ጠልሐ የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። የጠልሐ አባት የሞቱ ጊዜ ድንኳኑን የተከለው፣ ውሃ የቀዳው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶው ቤት ያልተለየው በድሉ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት አድርጎ «ሥራህ አይረባም» ይለዋል?

ስለዚህ ጠልሐ ብልሃት አበጀ፤ ብልሃት ከተባለ። በድብቅ ሰንጋ ተራ እያሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ደንበኝነቱ እንዳይቀር በድሉ ዘንድ እየሄደ ጎማ ያስነፋል። ጎማ መንፋት ምን ያበላሻል? ሚስቱ ዘይነባ «ወይ ንገረው፣ ወይ ልጄን አታፈናጥጥ» ብላ አስጠንቅቃው ነበር። እሺ እነግረዋለሁ አላት። ሁለት ዓመት እሺ አላት።

ባለፈው ቅዳሜ በድሉ ጎማውን ነፍቶ ሲያበቃ ዘወር ብሎ ፒንሳ አነሳ።

«የኋላ ፍሬኗ ላላ ብላለች፣ ቆይ ላጥብቃት። ለካሚላ ስል ነው።»

ፍሬኑ አልላላም ነበር፤ በዚያው ሳምንት ጋሽ ገብረዋህድ አስተካክለውታል። ጠልሐ «ተው» ሊል አፉን ከፈተ። ያ ድንኳን ትዝ አለውና ዘጋው። ሰኞ ልጅቷን ካደረስኩ በኋላ ሰንጋ ተራ ጎራ እላለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ሰኞ ጠዋት ቁልቁለቱ መሃል ላይ ፍሬኑን ሲይዝ ሽቦው ከማሰሪያው ሾልኮ ወጣ። የፊቱ ብቻውን ሁለት ሰው አላቆመም። ከመኪና ይሻላል ብሎ መሪውን ወደ መንገዱ ዳር አበባ ጠመዘዘው፤ እሱ አበባው ላይ፣ ካሚላ የአበባው ጠርዝ ድንጋይ ላይ ወደቁ። የልጅቷ ግራ ክንድ ተሰበረ።

ከሰዓት በኋላ በድሉ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ልጅቷን ሊጠይቅ መጣ። ጀሶውን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ጥቂት ተቀመጠና «ሳይክሏን ላካት፣ አሁኑኑ እሠራታለሁ» አለ።

ዘይነባ ባሏን አየችው። ጠልሐ ወደ በድሉ ዞረ።

«በድሉ፣ ከእንግዲህ አትነካትም። ፍሬኗ የተበላሸው አንተ ስትነካው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ቦታ ነው የማሠራት።»

በድሉ ወደ ወለሉ አቀረቀረ።

«ሰንጋ ተራ» አለ። «ሰው ነግሮኛል። ቅዳሜ ሳትጠይቀኝ የነካሁት ለዚያ ነበር። እኔም እንደምችል እንድታይልኝ ብዬ።» ቀና አለ። «ግን አንተ፣ አበላሽቼ እንደምሠራ እያወቅህ እንዴት ዝም ትለኛለህ?»

«እንዳላስቀይምህ ነዋ። በአባቴ ለቅሶ የሆንክልኝን እኔ እንዴት…»

«የአባትህን ድንኳን የተከልኩት» አለ በድሉ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «በልጅህ ክንድ እንድትከፍለኝ ነው እንዴ?»

ካሚላ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ጠልሐ አፈረ፤ በዕድሜው እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።